ከገናሌ በረሃ የተመለሱት፦ «ሸሽቶ መጣ» ከማለታችን በፊት



ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን አንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ የሰማነው ቃል ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት እዚሁ ጨንቻ ለቅሶ ልንደርስ ሄደን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ጥቂት ዓመታት የሆኑት አንድ ወንድማችን ገባ። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ቤተሰቡን አጽናንቶ ዳር ላይ ተቀመጠ። ከወዲያኛው አግዳሚ አንድ አባት ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው፣ «የሸሸ ሰው ምን ፊት ኖሮት ነው ሰው መሀል የሚቀመጠው?» አሉ። ሰማ። ሁላችንም ሰማን። የቀረበለትን ሻይ ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጀማዓ ላይ አላየነውም።

በዚያ ድንኳን ውስጥ ኪታብ የቀራን፣ ልጆች የምናስተምር፣ ኢማም ሲታመሙ ተተክተን የምናሰግድ ሰዎች ነበርን። ዝም አልን። አባትን መመለስ ነውር ነው ብለን ይሁን ወይም ለቅሶ ቤት ክርክር አያምርም ብለን፣ ዛሬ ተቀምጠን ስናስበው ሁለቱም ሰበብ ነው። ያን ዕለት መናገር የነበረብንን ዛሬ ዘግይተን እንጽፈዋለን። ረዘም ይላልና ታገሡን። ነገሩን ለማስረዳት ከ90 ዓመት በፊት ወደ ነበረ በረሃ መውረድ አለብን።

ለጨንቻ ሰው ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። አርባ ምንጭ ሳትቆረቆር በፊት የጋሞ ጎፋ መቀመጫ ይህች ከተማ ነበረች። በ1928 ጣሊያን ሲገባ የጋሞ ጎፋ ገዥ ደጃዝማች አበበ ዳምጠው ነበሩ። ወንድማቸው ራስ ደስታ ዳምጠው ደግሞ ከአባያ ሐይቅ ማዶ ሲዳሞን ይገዙ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ ሴት ልጅ የልዕልት ተናኘወርቅ ባለቤት ናቸው። ሁለቱም ወንድማማቾች የደጋውን ሰው እየመሩ ወደ በረሃ ወረዱ። ደጃዝማች አበበ የወረዱት ወደ ኦጋዴን ሲሆን፣ ራስ ደስታ ደግሞ ገናሌንና ዳዋን ተከትለው ወደ ዶሎ ነበር።

እስኪ ጉዞውን በልባችሁ አስቡት። ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ናት። ጥር ላይ እንኳ ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ ቡልኮ ደርበን ነው ለሱብሒ የምንወጣው። ዶሎ ግን 200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። ጥር በዚያ አገር ድርቁ የሚጠናበት ወር ነው። በእንሰትና በገብስ ያደገ፣ ከደጃፉ ምንጭ የሚቀዳ ሰው ወባና ተቅማጥ ወዳለበት፣ ዛፉ እሾህ ብቻ ወደሆነበት አገር ወረደ። የወረደውም በእግሩ ነው። ስንቁን ራሱ ወይም ቤተሰቡ ተሸክመውለታል። የያኔው ክተት እንዲህ ነበር፤ ከኋላ ስንቅ የሚያቀብል መኪና የለም፣ ስንቁ ካለቀ አለቀ። ብዙውን ጊዜ ትእዛዝ ይዞ የሚሮጠው በእግሩ የሚሄድ መልእክተኛ ነው። ከሰማይ አውሮፕላን ሲመጣ የሚመልስ መሣሪያ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

ጠላት ደግሞ ማን ነበር? በደቡብ ግንባር የጣሊያን ጦር አዛዥ ግራዚያኒ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ስም የምናስታውሰው በየካቲት 12 የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ ነው፤ ልክም ነው። ነገር ግን ይህ ሰው ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት ሊቢያ ውስጥ የሠራውን ያላወቀ ሰው ገናሌ ላይ የሆነውን አይረዳም። ሸህ ዑመር አልሙኽታርን፣ ያን ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸውን የቁርኣን መምህር፣ እ.ኤ.አ. በ1931 በሕዝባቸው ፊት በገመድ የሰቀለው እሱ ነው። የበርቃን አርብቶ አደር ከነከብቱ በሽቦ በታጠረ ሰፈር አጉሮ በረሃብና በበሽታ ያስፈጀው፣ በግብፅ ድንበር በመቶ ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር የሽቦ አጥር የዘረጋው፣ የውሃ ጉድጓዶችን ያስደፈነው እሱ ነው። በረሃ ላይ ሰውን ለማሸነፍ ከሰው ጋር መዋጋት ግድ እንዳልሆነ፣ ውሃውን መያዝ ብቻ እንደሚበቃ ሊቢያ ላይ ተምሮታል። ያን ትምህርቱን ይዞ ነው ወደ እኛ የመጣው።

ጦርነቱ ራሱ የተጫረው ውሃ ላይ መሆኑንም አንርሳ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ወልወል ላይ ደም የፈሰሰው አርብቶ አደሩ ግመሉን በሚያጠጣባቸው ጉድጓዶች ዙሪያ ነው።

ወደ ገናሌ እንመለስ። የራስ ደስታ ጦር 20,000 ያህል ይሆን ነበር ይባላል። ከነገሌ ተነሥቶ ወደ ዶሎ ሲወርድ ሳምንታት ፈጀበት፤ አውሮፕላኖቹ መንገዱን ሁሉ ተከተሉት። ታኅሣሥ ላይ ከፈንጂው ጋር የመርዝ ጋዝ ተጨመረ። ታኅሣሥ 20 ቀን መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳኖች በቦምብ ተደበደቡ። በሽተኞች ተኝተው እንዳሉ ሞቱ፤ ከስዊድናውያኑም የሞተ አለ፣ ዋናው ሐኪም ፍሪደ ሂላንደርም ቆሰሉ። እንግዲህ ጦሩ ገና ውጊያ ሳይገጥም ተርቧል፣ ታሟል፣ ሐኪሞቹንም አጥቷል።

ጥር 3 ቀን 1928 ግራዚያኒ በወንዞቹ መካከልና ዳር ዳሩን በሦስት አቅጣጫ ተነሣ። የመጣው በእግር አልነበረም። በከባድ መኪና፣ በታንክና በብረት ለበስ ነው፤ ውሃውንም በመኪና ጭኖ። የእኛ ሰዎች ለሁለትና ሦስት ቀናት ያህል በቦታቸው ተከላከሉ፤ ይህን የጣሊያን ጸሐፊዎችም አይክዱም። ከዚያ መስመሩ ተበጠሰ። መስመር ከተበጠሰ በኋላ ያለው ነገር ውጊያ አይባልም። አዛዡ ወታደሩ የት እንዳለ አያውቅም፤ ወታደሩም የትኛው ውሃ በማን እጅ እንዳለ የሚነግረው የለም። አንዱ ወደ ነገሌ ይሄዳል፣ ሌላው ወደ ዳዋ ይዞራል፣ ሌላው ሌሊቱን ሙሉ ሄዶ ሲነጋ ራሱን እዚያው ያገኘዋል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የታሪኩ ልብ እዚህ ነው። የተበተነው ሰው የሮጠው ከጥይት ብቻ አልነበረም፤ ወደ ውሃ ነው የሮጠው። የጣሊያን ጦር ደግሞ በመኪና ቀድሞ ጉድጓዶቹንና የወንዙን ዳር ይዟል። ስለዚህ ጥም ያቃጠለው ሰው ወደ ገናሌ ሲጠጋ መትረየስ ይጠብቀዋል። ወደ ኋላ ቢመለስ ጥም ይገድለዋል፣ ወደ ፊት ቢሄድ ጥይት። ብዙዎች ይህን እያወቁ ወደ ውሃው ሄዱ። በመትረየስ እንደሚመታ እያወቀ ወደ ወንዝ የሚሄድን ሰው ፈሪ ብላችሁ ትጠሩታላችሁ? ረመዳን ላይ ለመግሪብ ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ሰዓቱን አሥር ጊዜ የምናይ ሰዎች፣ እዚህ ጉም ውስጥ ተቀምጠን፣ ስለ ሦስት ቀን ጥም ምን የመፍረድ ዐቅም አለን?

ጣሊያኖች ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በአንድ ሳምንት ገሥግሠው ነገሌ የገቡት ጥር 11 ቀን ነው። ቀኑን ስናሰላ እኛም ደነገጥን። ክርስቲያን ወንድሞቻችን በየውሃው ዳር ወጥተው ጥምቀትን የሚያከብሩበት ዕለት ነው።

የታሪኩ ፍጻሜ ይህ ቢሆን ኖሮ ራስ ደስታ ዛሬ የሚታወቁት «ከገናሌ የሸሸው ራስ» ተብለው ነበር። ግን አልቆመም። የተረፈውን ሰው ሰብስበው ወደ ሲዳሞ ደጋ ወጡ። አዲስ አበባ ከተያዘች፣ ንጉሡም አገር ጥለው ከወጡ በኋላ እንኳ ለወራት ተዋጉ። የካቲት 17 ቀን 1929 ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተገደሉ። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ በስማቸው ሆስፒታል አለ። ጥር 11 እና የካቲት 17 መካከል አንድ ዓመት ከአንድ ወር አለ፤ የአንድ ሰው ስም ከሽሽት ወደ ጀግንነት የተሻገረው በዚያ ውስጥ ነው። እሳቸው ዕድሜ አገኙ፤ መሪ ስለነበሩም የሚጽፍላቸው ተገኘ። ከእሳቸው ጋር የተመለሰው ተራ ሰው፣ ቤቱ ገብቶ እህሉን የዘራው፣ ስሙ ተሻገረለት? የሰፈሩ ሰው ምን ብሎ ተቀበለው? ይህን የጻፈ የለም።

የወንድማቸው የደጃዝማች አበበ ግንባርም መጨረሻው ከዚህ ብዙ አልራቀም። በሚያዝያ 1928 ግራዚያኒ ወደ ሐረር ሲነሣ የጋሞ ጎፋው ጦር ኦጋዴን ውስጥ ጃናጎቦ በተባለው ስፍራ ከደጃዝማች መኮንን እንዳልካቸው ጋር ሆኖ ተዋጋ። በጽኑ ነው የተዋጋው፤ በጣሊያን በኩል የመጣው የሊቢያ ክፍለ ጦር ብዙ ሰው አጥቷል። በመጨረሻ ግን ያም ግንባር ፈረሰ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ተያዘች፣ ሚያዝያ 30 ሐረር። ከጃናጎቦ የተረፈ የጋሞ ሰው ጉጌን ዳግም እስኪያይ ድረስ በጠላት እጅ በገባ አገር ውስጥ ስንት ቀን ሄዶ ይሆን?

የሊቢያ ክፍለ ጦር ስንል አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ማንሣታቸው አይቀርም፤ እኛም ሳናነሣው ማለፍ አንፈልግም። በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ «የደቡቡ ግንባር የፈረሰው እስላሙ ስለሸጠው ነው» የሚሉ ጽሑፎች ይዘዋወራሉ። በእኛም ወገን ደግሞ ለዚህ መልስ ብለው «ሊቢያውያኑ ሙስሊሞች ስለነበሩ አሸነፉ» እያሉ የሚፎክሩ ልጆች አይተናል። ሁለቱም ታሪኩን አላነበቡም።

እውነት ነው፣ ከሸበሌ አካባቢ ሱልጣን ኦሎል ዲንሌ ከጣሊያን ጋር ተሰልፏል። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት የመንግሥት ጦር የኦጋዴንን አርብቶ አደር ግመልና ከብት እየነዳ ሲሄድ ያ ሕዝብ መንግሥትን የሚያውቀው በዝርፊያ ነበር። ይህ ከጠላት ጋር መሰለፍን ትክክል አያደርገውም፤ ከየት እንደመጣ ግን ያሳያል። በሌላ በኩል ከጣሊያን ሶማሊያ አምፆ የመጣው ሶማሌው ዑመር ሰመተር ከኢትዮጵያ ጋር ሆኖ ኦጋዴን ላይ ተዋግቷል። የሐረር ግንባር አዛዥ የደጃዝማች ነሲቡ አማካሪ ሆነው ምሽግ ያስቆፈሩት ወሂብ ፓሻ ሙስሊም ቱርክ ናቸው፤ ጋሊፖሊ ላይ የተዋጉ የኦቶማን ጄኔራል ነበሩ። ግንባሩን ያፈረሰው ውሃ፣ መኪና፣ አውሮፕላንና መርዝ ነው። እነዚህ ሃይማኖት የላቸውም።

ስለ ሊቢያውያኑ ደግሞ እንናገር። እነዚያ ወጣቶች ዑመር አልሙኽታርን በሰቀለው ሰው ትእዛዝ ሥር የተሰለፉ ናቸው፤ ሸሁ ከተሰቀሉ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላም። ሊቢያን ለመርገጥ ጣሊያን የኤርትራ አስካሪዎችን ተጠቅሞ ነበር። በዚያ ቂም የያዙ ሊቢያውያን ኦጋዴን ላይ እጃቸው የገባውን ሀበሻ እንደ ገደሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ገዢው አንዱን ቅኝ ተገዢ በሌላው ላይ ነድቶ ሁለቱን አጋደላቸው። በዚህ የሚፎክር ሙስሊም በማን ድል እንደሚፎክር ያስብ። እ.ኤ.አ. በ1937 ትሪፖሊ ላይ ሙሶሊኒ «የእስልምና ሰይፍ» የሚል ስያሜ ይዞ ሰይፍ ሲቀበል ፎቶ ተነሥቷል፤ ከዚህ የበለጠ ስላቅ አናውቅም።

አሁን ወደ መስጂዳችን፣ ወደዚያ ወንድማችን እንምጣ።

ከውጊያ መሸሽ በሸሪዓችን ከባድ ወንጀል መሆኑን እናውቃለን። ከሰባቱ አጥፊ ወንጀሎች አንዱ ተብሎ ተቆጥሯል፤ ይህን ለማቅለል አንሞክርም። ግን ያንኑ ትምህርት የሰጡን ዑለማዎች ልዩነት ማድረግንም አስተምረውናል። ስልት ለመቀየር ወይም ወደ ሌላ ወገን ለመቀላቀል ወደ ኋላ የሚል ሰው ከዚያ ውጭ ነው። ጠላት ከእጥፍ ሲበልጥ ማፈግፈግም የተፈቀደበት ቦታ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፍርዱን ለመስጠት በቦታው የሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። በድንኳን ውስጥ የተነገረው ቃል ይህን አንዱንም አልጠየቀም።

ሲራ የቀራን ሁሉ ስለ ሙእታ እናውቃለን። ግን የምንተርከው እስከ ሦስቱ ሸሂዶች ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እንዘለዋለን። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ 3,000 ሰው ወደ ሻም ተላከ። ከጠበቁት እጅግ የበዛ ጦር ገጠማቸው። ባንዲራውን የያዙት ዘይድ ኢብን ሓሪሳ ወደቁ፤ ከዚያ ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ፤ ከዚያ ዐብዱላህ ኢብን ረዋሓ። ጀዕፈር ለእኛ ለሀበሾች ማን እንደሆኑ መንገር አያሻንም፤ በነጃሺ ፊት ቆመው የተናገሩት፣ ለዓመታት በዚህ ምድር በስደት የኖሩት፣ የእኛን ውሃ የጠጡት ናቸው። ሦስቱ ካለፉ በኋላ ባንዲራው ለኻሊድ ኢብን አልወሊድ ተሰጠ። ኻሊድ ያደረጉት ምን ነበር? የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚሉት የቀኙን ክንፍ ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዛውረው ጠላት አዲስ ጦር የመጣ እንዲመስለው አደረጉ፤ ከዚያ ሰዉን ይዘው ወደ ኋላ አሉ። ያንን ያህል ሰው በሕይወት መለሱ።

መዲና ሲደርሱ የሆነውን ስሙ። ሰዉ ወጥቶ አፈር በተነባቸው፤ የሸሻችሁ እያለም ጮኸባቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ይህን አልተቀበሉም። ሸሺዎች ሳይሆኑ ዳግም ለመግጠም የሚመለሱ ናቸው ብለው መለሱላቸው። ነገሩ በዚያ ብቻ አላበቃም። ከተመለሱት አንዱ ሰለማ ኢብን ሂሻም ለሶላት መስጂድ መምጣት አቆመ። ኡሙ ሰለማ ሚስቱን ምን ሆኖ ነው ብለው ጠየቋት፤ በወጣ ቁጥር ሰዎች ሸሺ እያሉ ስለሚጮኹበት ቤቱ ቀረ አለቻቸው። በነቢዩ ከተማ፣ በሶሓቦች መካከል ነው ይህ የሆነው። ነቢዩ ራሳቸው ቃሉን ካረሙ በኋላ እንኳ የሰዉ ምላስ ቶሎ አልቆመም።

ሸኻችን ይህን ቦታ ሲያስቀሩን ሁልጊዜ ድምፃቸው ዝግ ይል ነበር፤ ምክንያቱን በዚያን ጊዜ አልገባንም።

ሙእታና ገናሌ አንድ አይደሉም፤ አስተካክለን እያነጻጸርን አይደለም። ሙእታ ላይ ማፈግፈጉን የመራው ሰው ነበር፤ ገናሌ ላይ ሁሉም የራሱ አዛዥ ሆኗል። ልዩነቱን ያመጣው ግን የተራው ወታደር ልብ አይደለም። ትእዛዝ ሲደርስ፣ ውሃ ሲኖርና መሪ በአጠገብ ሲገኝ ማፈግፈግ ሥርዓት ይኖረዋል፤ እነዚህ ከሌሉ ጀግናውም ይበተናል። ነውሩን ግን ሁልጊዜ ተሸክሞ ወደ ቤቱ የሚገባው ከታች ያለው ሰው ነው። ስንቅ ያላዘጋጀ ሹም፣ መንገዱን ያላጠና አዛዥ፣ ለቅሶ ቤት ሲገባ ወንበር ይለቀቅለታል።

ይህ የድሮ ነገር ብቻ አይደለም። በ1970 መባቻ ላይ ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ስትገባ የሦስተኛው ክፍለ ጦር ሰዎች አምፀውና ተበትነው የካራማራን በር ለቀው ሄደዋል። ጅጅጋን መልሰው የያዙት በዚያው ዓመት የካቲት 26 ቀን ነው። እኛ በየዓመቱ የካቲቱን እናከብራለን፣ መስከረሙን ግን አናነሣም። ያ ጦር ለምን እንደ ተበተነ፣ ደመወዝና ስንቅ ደርሶት እንደሆነ፣ ከላይ ያሉት ምን ሲያደርጉ እንደነበር ቢነሣ ከድሉ ላይ የሚቀንሰው ነገር የለም። በቅርቡ ዓመታት በገዛ አገራችን ውስጥ ስለሆነው ጦርነት ዝርዝር ውስጥ አንገባም፤ ቁስሉ ገና እርጥብ ነው፣ በሁሉም በኩል ልጁን የቀበረ አለ። ከዚህ ቀበሌም ከዚያም ቀበሌም የሄዱ ልጆች መኖራቸውን ግን ሁላችን እናውቃለን። ከሄዱት አንዳንዶቹ ተመልሰዋል። የተመለሱትን እንዴት እንደያዝናቸው አላህ ይጠይቀናል።

የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከተቆጣ ወጣት ፊት ተንበርክከው ደም እንዳይፈስ እንደለመኑ አገር ሁሉ በቴሌቪዥን አይቷል፤ 2011 መግቢያ ላይ አርባ ምንጭ ውስጥ የሆነ ነው። በዚያ የማንኮራ የለም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። በቁጣ የተነሣን ወጣት ለማብረድ ጉልበታቸውን መሬት ያስነኩ ሽማግሌዎች ያሉበት አገር ልጆች ነን፤ ታዲያ አንገቱን ደፍቶ ለተመለሰ ወጣት አንድ ቃል ማጣታችን እንዴት ሆነ?

እንመሰክር፦ ከለቅሶው በኋላ በሳምንቱ ከሸኻችን ጋር ወደ ወንድማችን ቤት ሄደን ነበር። እናቱ ቡና አፈሉልን። እሱ ብዙ አላወራም። ለምን መስጂድ እንደማይመጣ ሸኹ አልጠየቁትም፤ እኛ ልንጠይቅ አፋችንን ስንከፍት በዐይናቸው ገሠጹን። ስለ ፖም ችግኙ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ መንገዱ ተጨዋወትን። ልንወጣ ስንል ብቻ፣ ጫማችንን እያደረግን ሳለ፣ «ሸኽ፣ የወጣነው ስንት እንደሆንን ታውቃላችሁ?» አለ። ቁጥሩን ነገረን። ከዚያ የተመለሱትን ቁጥር ነገረን። ቁጥሮቹን እዚህ አንጽፍም፣ የእሱ ናቸው። ሸኹ በሩ ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ ዱዓ አደረጉ። እሱ እጁን ዘርግቶ ቆመ፤ እናቱ ግን ወደ ውስጥ ገቡ።

ለዚያ ለቅሶ ቤት ቃል ለተናገሩት አባታችን በስም አንጽፍም። በአካል ሄደን አናግረናቸዋል። መጀመሪያ ተቆጡ፤ «እኔ በልጅነቴ የሰማሁትን ነው የተናገርኩት» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ሁላችንም የሰማነውን ነው የምንናገረው። ስለ ሰለማ ኢብን ሂሻም ስናጫውታቸው ዝም ብለው አዳመጡና «ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም» አሉ። ስድሳ ዓመት ሙሉ የጁሙዓ ኹጥባ ያዳመጡ ሰው ናቸው። ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ ነው ለማለት ምላሳችን አልታዘዘንም፤ ስለ ሙእታ በየዓመቱ የምንናገረው እኛ ነን፣ ሸሂዶቹ ላይ ደርሰን የምናቆመውም እኛ ነን።

ስለዚህ ኢንሻአላህ ከሚቀጥለው ሐሙስ ጀምሮ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለው የሲራ ደርሳችን ከሙእታ ይጀምራል፤ ሸኻችን ራሳቸው ናቸው የሚያስቀሩት፣ በዚህ ጊዜ ከባንዲራው በኋላ ያለውንም ጨምረው። ቤታችሁ ውስጥ የተመለሰ ልጅ፣ ወንድም ወይም ባል ያላችሁ፣ ደርሱ ላይ ብታመጡት ደስ ይለናል፤ ካልፈለገ አትጎትቱት። በመልእክት ሳጥናችን «ስሙን ንገሩን» እያላችሁ የጻፋችሁልን አላችሁ፤ አንነግራችሁም። ሊጠይቁት ለሚፈልጉ ሁለት ሦስት ሰዎች ግን ቅዳሜ ከዐስር በኋላ ዳግም እንሄዳለን፤ የማገዶ እንጨት የሚፈለጥ አለ፣ የጓሮው አጥርም ወድቋል። መጥረቢያ ያለው ይዞ ይምጣ።